ፀሐይ ፍቆ መብላት

እኔ የምተዳደረው ሰው ግድግዳ ላይ የሳለውን በማጥፋት ነው። ሐምቡርግ ከተማ፣ ጀርመን አገር። የቀጠረኝ የቀለም ቅብ ድርጅት ነው። ከሥራችን ግማሹ ቤት መቀባት ሲሆን ግማሹ ሌሊት በስፕሬይ የተለቀለቀውን ጠዋት ማጽዳት ነው። ስም አጠፋለሁ፣ ስድብ አጠፋለሁ፣ የኳስ ክለብ ምልክት አጠፋለሁ፣ የፍቅር ቃል አጠፋለሁ (አንዳንዱ ፍቅር እኔ ሳልደርስ ራሱ የጠፋ ይመስለኛል)። ፀሐይም አጠፋለሁ። ብዙ ፀሐይ።

አዲስ አበባ እያለሁ ደግሞ ታፔላ ጻፊ ነበርኩ። ስለዚህ ፀሐይ ስዬም ተከፍሎኛል፣ ፀሐይ ፍቄም ተከፍሎኛል። የፍቂያው ይሻላል።

ሰው ለምን ግድግዳ ላይ ፀሐይ ይስላል ብትሉኝ፣ ስለምትቀል ነው። አንበሳ ለመሳል ሙያ ይጠይቃል። ፀሐይ ግን አንድ ክብ፣ ዙሪያዋን ጥቂት መስመር፣ አለቀ። ፖሊስ እስኪመጣ ትደርሳለች። የአምስት ዓመት ልጅም፣ ሰካራምም፣ ፖለቲከኛም ይስላታል። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው። ማንም የሚስለው ምልክት የማንም መጠቀሚያ ይሆናል፤ የደጉም የክፉውም። እኔ በዚህ ሥራ ስቆይ ክቧን ማየት ትቻለሁ። የማየው ጨረሯን ነው። የሳላትን ሰው ጠባይ የምትነግርህ ጨረሯ ናት።

አገር ቤት ልጅ የመጀመሪያ ፀሐዩን የሚስለው ለእንቁጣጣሽ ነው። አዲሱ ገበያ ነው ያደግኩት። ነሐሴ ሲጋመስ ወንዶቹ ከደብተራችን መሃል ወረቀት ገንጥለን ሥራ እንጀምራለን። መልአክ፣ አደይ አበባ፣ ጥግ ላይ ፀሐይ፣ ከታች «እንኳን አደረሳችሁ»። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ ሲዞሩ እኛ ሥዕላችንን በየቤቱ እናድላለን፤ ሳንቲም እንቀበላለን። ያቺ ፀሐይ ሁልጊዜ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ነበራት። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ከቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ይመስለኛል። በድሮ የስቅለት ሥዕሎች ላይ ከመስቀሉ በላይ በአንድ በኩል ፀሐይ፣ በሌላ በኩል ጨረቃ ይሳላሉ፤ ፊት ያላቸውም አይጠፉም። የእነዚያ ፀሐዮች ፊት ያዘነ ነው። እኛ ለሳንቲም የምንሸጣት ግን ጥርሷ እስኪታይ ትስቃለች።

በኋላ ታፔላ ቤት ስገባ ፀሐይ የገበያ ዕቃ መሆኗን አወቅሁ። ጁስ ቤት ፀሐይ ይፈልጋል። ፎቶ ቤት ይፈልጋል። የልብስ ንጽሕና መስጫም ይፈልጋል። አገሪቱ ራሷ ለውጭ ሰው የተሸጠችው በፀሐይ አይደል? የቱሪዝም አባት የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ለፈረንጅ ያወጡት መፈክር ስለ 13 ወር ፀሐይ ነበር። ክረምቱን የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ሊስቅ ይችላል፤ ፖስተሩ ግን ሠርቷል።

አለቃዬን ጋሼ ነበር የምንላቸው። ስለ ቀለም ሲያስተምሩ «ቢጫ ፈሪ ነው፤ ከኋላው ነጭ ካላቆምክለት አይወጣም» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቢጫ ቀለም የመሸፈን አቅሙ ደካማ ነው። ግራጫ ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ ከቀባኸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ፣ የታመመ ነገር ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ ነጭ ክብ። ሲደርቅ ቢጫ። እሱ ሲደርቅ እንደገና ቢጫ። ዳር ዳሩን ብርቱካናማ። መጨረሻ ላይ በቀጭን ቡርሽ ጥቁር መስመር። የሐምቡርግ የግራፊቲ ልጆችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ጋሼን ሳያውቋቸው። ስፍቅ ከቢጫው ሥር ነጭ ካገኘሁ፣ ይሄ ልጅ ያውቅበታል እላለሁ። ካላገኘሁ ጀማሪ ነው።

ቀይ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቢጫ ለመሳል ያስቸግራል፤ ቀይ ለማጥፋት። ጡብ ላይ ከተነፋ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። አጥበኸው የለቀቀ ይመስልሃል፤ ሲደርቅ ሮዝ ጥላው ብቅ ይላል። ላዩ ላይ ነጭ ብትቀባ በነጩ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል፤ መሃል ላይ የሚያግድ ቅብ ካላስገባህ ሦስቴ ብትቀባም ያው ነው። አገር ቤት በአኳራጅ ነበር የምንገላገለው። እዚህ በሙቅ ውሃ ግፊትና በኬሚካል ነው፤ ያም ሆኖ ቀይ የፈለገውን ያደርጋል።

አሁን ወደ ዋናዋ ልምጣ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመን አገር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቢጫ መደብ፣ መሃሉ ላይ ፈገግ ያለች ቀይ ፀሐይ፣ ዙሪያዋን ጥቁር ጽሑፍ፦ «የአቶም ኃይል? አይ፣ አመሰግናለሁ»። የመብራት ምሰሶ ላይ አለች፣ የትራፊክ ምልክት ጀርባ ላይ አለች፣ የአሮጌ ቮልስዋገን የኋላ መስታወት ላይ አለች፣ ተራ ሰውም ግድግዳ ላይ በእጁ ይስላታል። የተወለደችው ግን ዴንማርክ ነው። በ1975 ኦርሁስ ከተማ ውስጥ አነ ሉንድ የምትባል ወጣት ነች የሠራቻት። ያኔ ዴንማርክ የኒውክሌር ጣቢያ ትሥራ አትሥራ የሚል ክርክር ተጧጡፎ ነበር፤ እሷም የተቃዋሚው ድርጅት አባል ነበረች። ዴንማርክኛው በየአገሩ ቋንቋ ተተካ፤ ከ40 በላይ ቋንቋዎች ደረሰ።

እስቲ የሌላውን ተቃውሞ ምልክት አስቡት። የራስ ቅል፣ የተጨበጠ ጡጫ፣ የሚፈነዳ ቦምብ። እሷ ግን ፈገግ ያለች ፀሐይ ሳለች። መፈክሯም «ይውደም» አይልም። ይጠይቃል፣ ከዚያ በትሕትና እንቢ ይላል፤ ዘመድ ቤት ሄዶ ሦስተኛ ጉርሻ እንደቀረበበት ሰው። በጨዋ ደንብ እንቢ ያለህን ሰው መቆጣት ይከብዳል። ለምን ብለህ መጠየቅህ አይቀርም፤ እዚያ ላይ ወሬው ይጀመራል። ሙያው ይሄ ነው። ፀሐይዋም ዝም ብላ ጌጥ አይደለችም፤ «ኃይል ከሆነ የምትፈልጉት እኔ አለሁ» እያለች ነው።

ድርጅቱ ምልክቷን በሕግ አስመዝግቧታል፤ የፖለቲካ ፓርቲ የግሉ እንዳያደርጋት። ለዚህ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። የኛ አገር ምልክቶች ዕጣ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ስለሆነ አልዘረዝረውም።

ዴንማርክ በ1985 ኒውክሌርን ከኃይል ዕቅዷ አወጣች። ጀርመን ረጅም መንገድ ሄደች። ሽማግሌው የሥራ ባልደረባዬ በሚያዝያ 2010 ከተሠራው የሰው ሰንሰለት ውስጥ ቆሞ ነበር። ከብሩንስቡትል የኒውክሌር ጣቢያ ተነስቶ ሐምቡርግን አቋርጦ ክሩመል ጣቢያ ድረስ፣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ። በዓመቱ ጃፓን ውስጥ የፉኩሺማ ኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰ፤ ፀሐይዋም በየሰገነቱ እንደገና ወጣች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ጣቢያዎች የተዘጉት ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ነው። ያን ሰሞን ባልደረባዬን ደስ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «የመብራት ሒሳቤን ካየሁ በኋላ እነግርሃለሁ» አለኝ። እንዲህ ነው ጀርመን።

ስቲከሩን ማንሳት የኔ ሥራ ነው። በሙቅ አየር አለስልሼ በስለት እልጠዋለሁ። ፊቷን ወደ ደቡብ አድርጋ የቆየች ከሆነ አንድ ነገር ታያለህ። የኅትመት ቀይና ቢጫ በፀሐይ ቶሎ ይነጣል፤ ጥቁር ይቆያል። ጽሑፉ እንዳለ ነው፤ «አይ፣ አመሰግናለሁ» ይላል። መሃሉ ላይ ግን ማንም የለም። ፀሐይዋን ፀሐይ በልታታለች።

ስለ ሐምቡርግ ግድግዳ አውርቶ ኦዜን አለማንሳት ነውር ነው። ቫልተር ፊሸር ነው ስሙ፤ ከተማው ግን የሚያውቀው OZ በሚሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ነው። በየድልድዩ ሥር፣ በየቧንቧው፣ በየመብራት ሳጥኑ ላይ ፈገግታ ሲስል የኖረ ሰው ነው። ክብ፣ ሁለት ዓይን፣ አፍ። ለኔ ጨረር የሌላት ፀሐይ ናት። ከ120,000 በላይ ምልክት እንደጣለ ይነገራል፤ ለዚሁም ሲባል ተደማምሮ ዓመታት እስር ቤት ቆይቷል። ያው ከተማ ደግሞ ሥራዎቹን በጋለሪ ሰቅሎ ሸጠ። በመስከረም 2014፣ በ64 ዓመቱ፣ ሐዲድ ላይ ባቡር ገጭቶት ሞተ። ዛሬ ፈገግታው ያለበትን ግድግዳ ስናጸዳ አንዳንድ ባለቤት «እሷን ተዋት» ይላል። በሕይወት እያለ ግን ፖሊስ የሚጠሩበት እነሱ ነበሩ።

ከጨረራም ፀሐዮች ሁሉ የምወዳት ግን የቬንድላንዷን ነው። ቬንድላንድ ከሐምቡርግ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ኤልበ ወንዝ ዳር ያለ የገበሬ አገር ነው። አንድ ክረምት ለቀለም ሥራ ተልኬ በየጎተራው ግድግዳ ላይ አየኋት፦ አረንጓዴ መደብ ላይ ብርቱካናማ ፀሐይ። የጉርምስና ቀልድ መሰለችኝ። ያረፍንበት ቤት ሴትዮ ግን ታሪኳን ነገሩኝ። በ1977 መንግሥት ጎርለበን የምትባለዋን መንደራቸውን ለኒውክሌር ቆሻሻ መቅበሪያ መረጣት። በግንቦት 1980 ሰዎች ጉድጓድ የሚቆፈርበትን ቦታ ያዙ፤ ጫካ ውስጥ የእንጨት መንደር ሠሩ፤ «የነፃ ቬንድላንድ ሪፐብሊክ» ብለው አወጁ። ያቺ ፀሐይ የዚያ አገር ባንዲራ ናት። አንድ ወር ያህል ቆዩና ሰኔ 4 ቀን ፖሊስ አፈረሰባቸው።

እነዚህ ሰዎች ፓስፖርትም አትመው ነበር። ባለቤቱ መሳቅ እስከቻለ ድረስ ያገለግላል ይላል። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ እኔ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነበር። እዚህ የሚኖር አበሻ ሁሉ ያንን መሥሪያ ቤት ያውቀዋል። እንዲህ ዓይነት ፓስፖርት ቢኖረኝ ወረፋው ላይ ጊዜው ያልፍበት ነበር።

ጎርለበን ከቆሻሻው ዕጩ ዝርዝር የወጣችው በ2020 ነው። ፀሐይዋ ግን አልወረደችም። እኛ ጎተራውን ስንቀባ ባለቤቱ በፀሐይዋ ዙሪያ ፕላስተር ለጠፉላትና ሌላውን ብቻ እንድንቀባ አዘዙን። ጨረሮቿ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጎንበስ ያለ። መሰላል ላይ ቆሞ፣ እጁ እየደከመው የሳላት ሰው ይታየኛል።

አሁን ደግሞ ስለማልወዳት።

የባቡር መተላለፊያ ሥር ነበር ሥራው። ነጭ ሸክላ ንጣፍ፣ ላዩ ላይ ጥቁር ክብ። ከመሃል የሚወጡ ጨረሮች አሏት፤ መንገዳቸው መሃል ላይ እንደ መብረቅ ተሰብረው ወደ ዳሩ ቀለበት የሚደርሱ። ቆጠርኳቸው፤ 12። ሁሉም እኩል፣ ሁሉም በአንድ ልክ የተቆረጠ። በእጅ አልተሳለችም፤ ካርቶን ቀድደው በላዩ ነፍተውበት ነው። ባልደረባዬ አያትና «አንተ መኪናው ውስጥ ተቀመጥ፣ ይቺን እኔ አጠፋለሁ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ አስቦልኝ ነው። ያኔ ግን ለምን እንደሆነ ስላልገባኝ ንገረኝ አልኩት።

ጥቁር ፀሐይ ይሏታል። መነሻዋ ፓደርቦርን አጠገብ ያለው የቬቨልስቡርግ ግንብ ነው። የናዚው ሹም ሂምለር በ1934 ኤስኤስ ለሚባለው የናዚ ታጣቂ ድርጅት የተከራየው ግንብ ነው፤ በሰሜኑ ማማ ውስጥ አዳራሽ ሲያሠራ ወለሉ ላይ እቺን ቅርጽ በእብነ በረድ አስነጠፈ። የግንቡን እድሳት የሠሩት አጠገቡ በተተከለ የማጎሪያ ካምፕ የነበሩ እስረኞች ናቸው፤ ቢያንስ 1,285 ሰው እዚያ አልቋል። ጥቁር ፀሐይ የሚለውን ስም ያገኘችው ከጦርነቱ በኋላ ነው። ስዋስቲካ ጀርመን ውስጥ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ የዛሬዎቹ ዘረኞች እሷን ተክተው ይጠቀማሉ። ፀሐይ ናት፣ ምን አጠፋሁ ለማለት ይመቻል። በ2019 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ከተማ በሁለት መስጊዶች ውስጥ 51 ሰው የገደለው ሰው ጽሑፉ ላይ እቺው ነበረች። በ2022 አሜሪካ፣ ቡፋሎ ከተማ ሱፐርማርኬት ገብቶ 10 ጥቁሮችን የገደለውም ተጠቅሞባታል።

መኪናው ውስጥ አልተቀመጥኩም። ሸክላ ላይ ያለ ስፕሬይ ደግሞ ከሁሉም ይቀላል፤ ቀዳዳ ስለሌለው አይሰርግም። ኬሚካሉን ነፋሁበት፣ ጥቂት ጠበቅሁ፣ በጨርቅ ጠረግሁት። ጨረሮቹ አንድ ላይ ሟሙተው ወረዱ። የድርጅታችን ደንብ እንዲህ ዓይነቱን ከማጥፋት በፊት ፎቶ አንስቶ ማስታወቅ ነውና እሱንም አድርገናል። ጀርመኖቹ ዋናዋን፣ ወለሉ ላይ ያለችውን አልፈነቀሏትም። አዳራሹ ዛሬ የሙዚየም አካል ነው። ሊሰግድላት የሚመጣ ዘረኛ አይጠፋም ብለው ጎብኚ የሚቀመጥባቸው ለስላሳ የከረጢት መቀመጫዎች አስቀምጠውበታል። ሰው ሄዶ ዘፍ ይልባታል። ከዚህ የተሻለ አጠፋፍ እኔም አላውቅ።

ክፉና ደግ ፀሐይ እንዲህ ተለይቶ ቢቀር ጥሩ ነበር። አይቀርም። ሎስ አንጀለስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ አቅራቢያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ሳጫውታት የኮሪያታውኑን ግድግዳ አነሳችልኝ። በሮበርት ኬኔዲ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ነው፤ ኬኔዲ በ1968 በተተኮሰበት በአምባሳደር ሆቴል ቦታ ላይ የተሠራ። በ2016 ቦ ስታንተን የሚባል ሠዓሊ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተዋናይቷን የአቫ ጋርድነርን መልክ ሳለ፤ ከኋላዋ ጨረር እየተፈነጠቀ። እሱ ያሰበው የድሮውን ሆቴልና ሆሊውድን ነው። በዚያ ሰፈር የሚኖሩት ኮሪያውያን ግን ያዩት ሌላ ነው፤ አገራቸውን ቅኝ የገዛችውን የጃፓን ጦር ባንዲራ፣ ባለ ጨረሯን ፀሐይ። በ2018 ይጥፋልን አሉ። የትምህርት አስተዳደሩ በገና ሰሞን ዕረፍት እናጠፋዋለን አለ። ሠዓሊዎች ተነሱ፤ በዚያው ትምህርት ቤት የኬኔዲን ምስል የሳለው ሼፐርድ ፌሪ፣ ያ ከጠፋ የኔም ይጥፋ አለ። አስተዳደሩም ማጥፋቱን ገታ አደረገው።

አጥፋው ተብዬ እኔ ብላክ ምን አደርግ ነበር? ጨረሯን ነው የማየው ብያለሁ፤ እዚህ ግን ጨረሯም አላዳነኝ። የስታንተን ጨረር የጃፓኑ አይደለም፤ ቀለሙም ሌላ፣ ሐሳቡም ሌላ። አያቷን በዚያ ባንዲራ ሥር ያጣች ሴት ልጇን ትምህርት ቤት ስታደርስ በየጠዋቱ ታየዋለች። የአክስቴ ልጅ «ተወው፣ ሥዕል ነው» ትላለች። እኔ ግን ሴትዮዋን ነው የማስበው። ፊት የምታጠቁሩብኝ ሠዓሊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ኮሜንት ላይ እንገናኝ።

በሚመጣው ወር እዚህ የኛ ማኅበር አዳራሽ የጓሮ ግድግዳ ይሳላል። የቤቱ ባለቤት ፈቅዶልናል፣ በወረቀት። ወላጆች ተሰብስበን ስንከራከር አመሸን። አንዱ ላሊበላ ይሁን አለ። አንዷ ጀበና አለች። አንድ ጋሼ ደግሞ ካርታ ብለው ቤቱን ሊያፈርሱት ነበር፤ የትኛው ካርታ የሚል ጥያቄ ተነሳና። ልጆቹን ስንጠይቃቸው ፀሐይ አሉ። ሐምቡርግ የተወለዱ ልጆች፣ ጥቅምትን የሚያውቁ፣ ምን ይበሉ? ሁሉም ተስማማ። ክርክሩ ወደ ፊቷ ዞረ፤ ትሳቅ፣ አትሳቅ። እሱን ለልጆቹ ተውነው።

የቀለሙ ነገር ግን የኔ ነው። ሥሩ ነጭ፣ ላዩ ሁለት እጅ ቢጫ፣ ዳሩ ብርቱካናማ። ጨረሩን እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ይስላል፤ ማስመሪያ ይዞ የመጣ ይባረራል። ሲደርቅ ግራፊቲ የማያስነካውን ሰም እቀባበታለሁ። ቀይ ግን ከልክያለሁ። አንዷ የሰባት ዓመት ልጅ ለምን ብላ ስትጨቀጭቀኝ፣ አንድ ቀን ማጥፋት ቢመጣ የሚላከው ማን ይመስልሻል አልኳት።